አምስተኛው ቤት ላይ የቆመ ቆጠራ

ይህን እንድጽፍ የፈቀደችልኝ ሴት የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በአማርኛ እንድጽፈው። «ልጆቹ አማርኛ አያነቡም፤ ትልልቆቹ ደግሞ ብዙዎቹ ፊደል አልቆጠሩም። ስለዚህ ጻፊው፣ ምንም አይመጣም» አለችኝ። እኔም ስሞቹን ሁሉ ቀይሬ፣ እሷንም ዓለሚቱ ብዬ ጻፍኩት። እናንተ ግን ታነቡታላችሁና አደራችሁን፣ የማን ቤት እንደሆነ ለማወቅ አትድከሙ።

ያን ጊዜ የሶሻል ወርክ ተማሪ ነበርኩ። ከጎንደር ወደዚህ ዕብራይስጥ አገር የመጣሁት በዐሥራ ሁለት ዓመቴ ስለሆነ አማርኛው አልጠፋብኝም፤ ለልምምድ እዚያ ቦታ የመደቡኝም ለዚሁ ነው። ፔታህ ቲክቫ ከተማ ያለ አንድ ሆስፒስ፣ ማለትም መዳን የማይጠበቅላቸው ሰዎች ሳይሠቃዩ እንዲያልፉ የሚታገዙበት ቤት፣ አማርኛ የምትችል ተማሪ ይፈልግ ነበር። ጠዋት እዚያ እውላለሁ፤ ሌላውን ቀን ትምህርት፤ ማታ ማታ ደግሞ ኪርያት ማታሎን አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ አሽጋለሁ። ኤም ሃሞሻቮት ሰፈር ወዳለው ቤታችን በሚወስደኝ አውቶቡስ ውስጥ ብረቱን ይዤ ቆሜ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሰው ሲሞት ማልቀስ ያቆምኩት ልቤ ደንድኖ አይደለም። ደክሞኝ ነው። አንዱን ስንሸኝ አልጋው አንሶላ ይቀየርለትና ሌላው ይገባል፤ ሌላው ሲገባ እኔ እንደገና ወንበር ስቤ «እንዴት አደሩ» እላለሁ። ወደ ትምህርት ቤት ወይም ወደ ወጣቶች ማዕከል አዛውሩኝ ብዬ አሠልጣኜን ዳፍናን ለመጠየቅ ቀን እየመረጥኩ ነበር።

አባ ታከለ የገቡት በዚያ ሰሞን ነው። ካንሰሩ ከሆዳቸው ተነሥቶ አጥንታቸው ውስጥ ገብቷል። ዕብራይስጥ አይናገሩም፤ «አንድ ከተማ ውስጥ ኖርን እንጂ አልተዋወቅንም» ይሉ ነበር ስለ ቋንቋው ሲጠየቁ። መጀመሪያ አልጋቸው አጠገብ የተቀመጥኩ ቀን፣ እኔ ስለ ሕመማቸው ልጠይቅ ስዘጋጅ እሳቸው ቀደሙኝና «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። የአባቴን ስም ነገርኳቸው። አባቱስ? አሉ። ነገርኳቸው። የእሱስ አባት? አሉ። እዚያ ላይ አለቀብኝ። በእናትሽስ በኩል? አሉ፤ እሱ ደግሞ ከዚያም ቀድሞ አለቀ። ራሳቸውን በሐዘን ነቀነቁ። ከእሳቸው በሽታ ይልቅ የእኔ ነገር ያሳዘናቸው መሰለኝ።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። በእኛ ዘንድ እስከ ሰባት ቤት፣ ማለትም እስከ ሰባት ትውልድ የሚዛመዱ ሰዎች አይጋቡም። ወንድና ሴት ሊጋቡ ሲያስቡ ሽማግሌዎች ይቀመጡና የሁለቱን ዘር ወደ ላይ ይቆጥራሉ፤ አንድ ሰው ላይ ከተገናኙ ነገሩ ይቀራል። አገር ቤት ሳሉ ይህን በቃል የሚያውቁ ሽማግሌዎች በየመንደሩ ነበሩ። አሁን አልቀዋል። አባ ታከለ ከቀሩት ጥቂቶች አንዱ ነበሩ፤ ከሩቅ ከተማ ሁሉ ሰው እየመጣ ያስቆጥራቸው ነበር። ተሳስተው አያውቁም ይባላል፤ እሳቸውም ይህን ሲባሉ አይቃወሙም።

አጠገባቸው ሁልጊዜ የምትገኘው ልጃቸው ዓለሚቱ ናት። ሃምሳዎቹን አጋምሳለች፤ ከምትሠራበት ፋብሪካ ፈቃድ ወስዳ ቀኑን ሙሉ አልጋው ሥር ትቀመጣለች። አንቱ ብላት ተቆጣችኝ። «ባል እንኳ ሳላገባ ታስረጂኛለሽ?» አለችና ሣቀች። ከዚያ ወዲያ አንቺ ተባባልን።

አንድ ጠዋት ወንድሟ አስማማው ከልጁ ከሲቫን ጋር መጣ። ሲቫን ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከእጮኛዋ ጋር ጋኔይ ቲክቫ ከተማ ቤት ተከራይተዋል፣ የሠርጉ አዳራሽ ተይዟል፣ ቀሚሱም ተሰፍቷል። ነገር ግን የእጮኛዋ አጎት አባ ዘለቀ ዘሩ ሳይቆጠር አልመርቅም ብለዋል። አስማማውም ቢሆን የአባቱ ልጅ ነው፤ ሳይቆጠር አይሆንም፣ ተቆጥሮ ዘመድ ከሆኑም እዚያ ሠርግ ላይ አልቆምም አለ። ሲቫን አማርኛ ትሰማለች፤ ዘር ሲቆጠርና ሽማግሌ ሲያወራ ግን ይጠፋባታል። ኮሪደሩ ላይ ያዘችኝና በዕብራይስጥ አዋራችኝ። ሳባ፣ አያቴ ማለቷ ነው፣ አይሆንም ካሉ ወይ እሱን አጣለሁ ወይ አባቴን አጣለሁ፣ ሦስተኛ መንገድ የለኝም አለችኝ።

ችግሩ ለሕመማቸው የሚሰጣቸው ሞርፊን ነበር። በዚያ መጠን ሲሰጣቸው አባ ታከለ ሕመም የለባቸውም፤ ግን ስም ይቀላቅላሉ፣ አስማማውን በሞተ ወንድማቸው ስም ይጠሩታል። ስለዚህ አስማማው ለአንድ ጠዋት መድኃኒቱ ይቀነስልን አለ። ዓለሚቱ ተነሣችበት። «ተወው ይተኛ። ቆጥሮ ምን ሊያተርፍ ነው?» አለችው። እኔ ለአባቷ ሥቃይ የምትሳሳ ልጅ ናት ብዬ ወደድኳት። ግማሹን ብቻ ነበር የገባኝ።

ሐኪሙ የቤተሰብ ጥያቄ ብቻ ከሆነ አላደርገውም አለ። ዳፍና ደግሞ ልጆቹ በሌሉበት ራሳቸውን እንድጠይቅ ነገረችኝ፤ ሰውዬው ራሱ ካልፈለገ ማንም ሊያስገድደው አይችልም አለች። ዓለሚቱ ምሳ ልትበላ ስትወጣ ጠብቄ ገባሁ። ምን ሊያጋጥማቸው እንደሚችል ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ብዙ ያማል አልኳቸው።

«ሕመሙን አውቀዋለሁ፤ አዲስ እንግዳ አይደለም» አሉኝ። «ልጅቱ ጥርጣሬ ይዛ አትግባ። ለአንድ ጠዋት ጭንቅላቴን መልሱልኝ።»

ይህንኑ ቃል በቃል ለሐኪሙ ተረጎምኩ። የሐሙስ ጠዋቱ መድኃኒት እንዲዘገይ፣ ነርሷም ተዘጋጅታ በር ላይ እንድትቆም ተስማሙ።

ሐሙስ ጠዋት ከመጋዘኑ ሥራ በኋላ ተኝቼ ሳልጠግብ መጣሁ። አባ ዘለቀ ቀድመውኛል፤ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፣ ሙሉ ልብስ ለብሰው ላዩን ነጠላ ጣል አድርገዋል። ከአባ ታከለ ጋር የተሳሰሙትና የተጠያየቁት ረጅም ጊዜ ነው፤ ከብቱም፣ አገሩም፣ የሞተውም ሁሉ ተጠየቀ። አባ ታከለ ትራስ ተደግፈው ቁጭ ብለዋል። ዓይናቸው እንደዚያ ጠርቶ አይቼው አላውቅም። ግንባራቸው ግን ከወዲሁ አልቦታል።

አባ ዘለቀ የልጁን ወገን በአባትም በእናትም ቆጠሩ። እኔ ከሲቫን አጠገብ ቆሜ በሹክሹክታ በዕብራይስጥ እነግራታለሁ፤ እሷ የቀለበቷን ጣት ታሻለች። አባ ዘለቀ ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ አመስግነው ዝም አሉ። ተራው የአባ ታከለ ሆነ።

ስሙን ብቻ አይጠሩም። ከየት እንደመጣ፣ ማንን እንዳገባ፣ ስንት ወልዶ ስንት እንደቀረለት ይናገራሉ። ሁለተኛው ላይ ድምፃቸው ተሰበረ። ሦስተኛው ላይ የአልጋውን ብረት ጨበጡ፤ ጣቶቻቸው ነጡ። ነርሷ አየችኝ። እኔ አባ ታከለን አየሁ። ጣታቸውን አነሡ፤ ቆዩ ማለታቸው ነው። ወደ ውጭ መሮጥ አማረኝ። እዚያ ያደረስኳቸው የእኔ ትርጉም ነው፤ እኔ ባልጠይቃቸው ኖሮ ተኝተው ነበር።

ዓለሚቱ በግርጌ በኩል ቆማ ነበር። ከንፈሯ እንደሚንቀሳቀስ ያኔ አየሁ። አባቷ እያንዳንዱን ስም ሲጠሩ እሷም ያለ ድምፅ አብራ ትላለች። ዕድሜ ልኳን ከጎናቸው ተቀምጣ ስትሰማ ሁሉንም በቃሏ ይዛዋለች።

አራተኛው አለፈ። አምስተኛውን ጠሩ፤ አገሩን፣ ሚስቱን፣ ልጆቹን ተናገሩ። እዚያ ላይ ትንፋሽ ወሰዱና ቀና ሲሉ ዓለሚቱን አዩ። ከንፈሯ ቀድሟቸው ነበር። ቀጣዩን ስም ብላ ነበርና አባቷ ሲያዩዋት አፏን ገጠመች። አባ ታከለ ዓይናቸውን ከእሷ ላይ አላነሡም። 

«ረሳሁት» አሉ።

አስማማው ረጋ ብለው ያስቡት አላቸው፤ ውኃ ልስጥዎት አለ። «ረሳሁት አልኩህ» አሉት። «መድኃኒቱ ወሰደው። እስከ አምስት ድረስ የሚገናኙበት የለም። ከዚያ ወዲያ አላውቅም።»

አባ ዘለቀ ለረጅም ጊዜ አዩዋቸው። ከዚያ ከዘራቸውን አንሥተው እግዚአብሔር ይማርዎ አሉና፣ እንግዲያው ሌላ የሚያውቅ እንፈልጋለን ብለው ወጡ። አስማማው ተከተላቸው። ሲቫን ጥሩ ነው መጥፎ እያለች እጄን ትጎትታለች። ገና ነው አልኳት። ነርሷ ገብታ መድኃኒቱን ሰጠቻቸው።

ተናድጄ ነበር። አንድ ሙሉ ጠዋት ተሠቃዩ፤ ለምን? «ረሳሁት» ለማለት። አባ ታከለን የሚያህል ሰው በሰው ፊት ረሳሁ ሲል መስማቱም ራሱ አስከፍቶኛል። ፊቴን ልታጠብ ስወጣ ዓለሚቱ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ አገኘኋት። ላጽናናት ብዬ እንዲህ ያለ በሽታ ትልቁን ሰው ሁሉ ያስረሳል አልኳት።

«አባቴ በእኔ ጊዜ አልረሳም ነበር» አለችኝ።

ከዚያ ነገረችኝ። አገር ቤት ሳሉ፣ ገና ወጣት ሳለች፣ አንድ ሰው ጠይቋት ነበር። እሷም ወዳው ነበር። ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ተቆጠረ፣ አምስት አለፈ፤ ከዚያ በላይ ያለውን ከአባቷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አባቷ ቆጠሩ። ስድስተኛው ላይ ተገናኙ። እሳቸው ዝም ቢሉ ማንም አያውቅም ነበር፤ እሳቸው ግን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተናገሩ። ሰውየው ሌላ አገባ፤ አሁን እዚሁ አገር የልጅ ልጅ አይቷል። እሷ ሌላ አላማራትም። ሕግ ነው ብላ ተቀበለችው።

«አሁንም ቀጥሎ የሚመጣውን ስም አውቀዋለሁ። ዘለቀም ቅድም ጠርቶታል። አንድ ሰው ነው። ሲቫንና ልጁ ዘመድ ናቸው። አባቴም ያውቃል» አለችኝ። ከዚያ ክንዴን ያዘችኝ። «አንቺ ተምረሻል። ንገሪኝ፤ ለእሷ የረሳ ለእኔ ለምን አልረሳም?»

ለእንዲህ ያለ ጊዜ የሚባል ነገር ዓመቱን ሙሉ አስተምረውናል። ምን ተሰማሽ ብለሽ ጠይቂ፣ አትቸኩዪ፣ ሰውየው ራሱ እስኪደርስበት ጠብቂ። አንዱም አልመጣልኝም። እንቅልፍ አልጠገብኩም።

«እኔን አትጠይቂኝ» አልኳት። «እሳቸው አሉ። ነገ ግን ላይኖሩ ይችላሉ።»

ከአፌ ሲወጣ ደረቅ ነበር። እሷ ግን አልተቀየመችም። እጅጌዬን ይዛ እየጎተተች አስገባችኝ፤ ብቻዋን መግባት ፈርታ ይመስለኛል። አባ ታከለ መድኃኒቱ እየያዛቸው ነው፤ ዓይናቸው ግማሽ ተከፍቷል።

«አባ፣ ረስተው ነው?» አለቻቸው።

«አልረሳሁም» አሉ። እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሎኝ ነበር። «ከንፈርሽን አየሁት። ለአንቺም መርሳት ነበረብኝ።»

ዓለሚቱ አላለቀሰችም። «አሁን ነው የሚነግሩኝ?» አለች።

«አሁን ነው ያወቅሁት» አሉና ዓይናቸው ተከደነ።

ያቅፏታል፣ ትስማቸዋለች፣ ይታረቃሉ ብዬ ቆሜ ጠበቅሁ። እንዲህ ዓይነት ነገር ነው ትምህርት ቤት የሚያወሩን። እሷ ግን ከብርድ ልብሱ ውጭ የቀረውን እግራቸውን አለበሰችና ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። ሌላ ቃል አልተነጋገሩም። አባ ታከለ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዐረፉ።

ከዳፍና አስፈቅጄ ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። ቤቱ ሞልቶ ነበር። ዓለሚቱ ሐዘንተኞቹ ከሚቀመጡበት ፍራሽ ላይ ሆና አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ፊቷ ጠቁሯል። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስትናገረኝ አላየችኝም። «ድሮ ሕግ ነው ብዬ እተኛ ነበር» አለችኝ። «እሱ ግን ምርጫ እንደነበረው ነገረኝ። አሁን ማንን ልቆጣ? ሞቷል።» ምነው ወደ እሳቸው ባልላክኋት ብዬ ራሴን ወቀስኩ። ይቅርታ እንዳልላትም በማን ጥፋት እንደምጠይቃት አላወቅሁም።

እንዲህ ሆነን ሳለን አባ ዘለቀ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ገቡ። አጽናኑ፣ ተቀመጡ፣ እህል ቀመሱ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በሐዘን ቤት ይህን ማንሣት ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ጊዜ የለንም አሉ። ወደ ዓለሚቱ ዞሩ።

«አንቺ ከአባትሽ እግር ሥር ያደግሽ ነሽ፤ ይህን የማያውቅ የለም። ከአምስት በላይ ያለውን አንቺ ጨርሺልን።»

አስማማው እህቱን ያያል። ሲቫን የወጥ ቤቱ በር ላይ ሳህን ይዛ ቆማለች፤ ስለ እሷ እንደሆነ ገብቷታል፣ ምን እንደተባለ ግን አልገባትም። ተርጉሚልኝ በሚል ዓይን አየችኝ። አልተረጎምኩላትም። ዓለሚቱ አንድ ስም ብትጠራ ሠርጉ አለቀ። ኮሪደሩ ላይ የነገረችኝን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝና የፈራሁትም እኔ ብቻ ነኝ። ሕጉ ለእሷ ያልቀረላት ለዚች ልጅ ለምን ይቅርላት?

ዓለሚቱ ሲቫንን አየቻት። ልጅቷ ፈገግ ለማለት ሞከረችና አቃታት።

«አባቴ ያስተማረኝ እስከ አምስት ነው» አለች ዓለሚቱ።

አባ ዘለቀ ምናልባት አላመኗትም። ግን እሳቸውም ሽማግሌ ናቸው፤ አንድ ነገር የተዘጋበትን ድምፅ ያውቃሉ። «እንግዲህ እግዚአብሔር ይወቀው» አሉና ለመመረቅ እጃቸውን ዘረጉ።

አንባቢዎቼ፣ ከእናንተ ውስጥ የሚቆጣ እንደሚኖር አውቃለሁ። የአባቶች ሕግ ተጥሷል የሚል አለ፤ ይህ ሁሉ ጭንቅ ለምን የሚልም አለ። ወደ ራሴ ልመለስ። ቦታ ቀይሩልኝ ብዬ ግን አልጠየቅሁም፤ ትምህርቴን ጨርሼ እዚያው ቀጠሩኝ። ደግ ስለሆንኩ አይደለም፤ ዛሬም ይደክመኛል። ያኔ ግን ሥራው ሰው የዘጋውን ማስከፈት ይመስለኝ ነበር። ዓለሚቱን ወደዚያ ክፍል ስገፋት የከፈትኩት ነገር ዛሬም አልተዘጋም፤ ልዘጋላትም አልችልም። ስለዚህ አሁን አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ ልግባ አልግባ ሲል ቶሎ አልገፋም፤ አጠገቡ እቆማለሁ። ከገባም አብሬ እገባለሁ። ከዚህ የተሻለ ነገር አላወቅሁም። እናንተም ከምትጠሉትና ከምትወዱት ሽማግሌ ጋር የቀረ ጥያቄ ካላችሁ፣ መልሱ እንደሚያስደስታችሁ ቃል አልገባላችሁም።

ሲቫን አገባች። ባለፈው ዓመት አውቶቡስ ላይ ተገናኘን፤ ልጇን በጋሪ ይዛለች። ስለ ሠርጉ በዕብራይስጥ ብዙ አወራችኝ፤ ሰው እንዴት እንደጨፈረ፣ አባቷ እንዴት እንዳለቀሰ። ከዚያ ትንሽ ከፋት። ሁሉም ሲደሰት ዶዳ ዓለም፣ አክስቷን ዓለሚቱን ማለቷ ነው፣ ጥግ ተቀምጣ አንዴ እንኳ አልተነሣችም፣ ቶሎም ሄደች፤ ምናልባት አትወደኝም አለች። አንቺ ታውቂያት ነበር አይደል፣ ምን አድርጌያት ነው ብላ ጠየቀችኝ።

ደክሟት ነው አልኳት።